አልጋ አራት ትዋሻለች

«አልጋ አራት ትዋሻለች» አለ ሐኪሙ ከመጋረጃው ማዶ።

አልጋ አራት ላይ የተኛችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል፤ መጋረጃ ግን ጨርቅ ነው፣ ጨርቅ ደግሞ ወሬ አይከለክልም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የደከመባት ኩላሊቷ እንጂ ጆሮዋ አይደለም። «ካልሲየም ያለበት ነገር በአፏ እንዳይዞር ብዬ ነግሬያታለሁ፤ በወረቀትም ጽፌ ሰጥቻታለሁ» ይላል ለነርሷ። «ደሟ ውስጥ ያለው መጠን ግን ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ይወጣል እንጂ አይወርድም። መቼም ከሰማይ አይዘንብባትም። ትወስዳለች፤ ስትጠየቅ ደግሞ ሽምጥጥ አድርጋ ትክዳለች። ካርዷ ላይም ጽፌዋለሁ።» ነርሷ አንድ ነገር አጉረመረመች፤ ምን እንዳለች አልተሰማም። «የለም፣ የለም። በሚቀጥለው ምርመራ ካልወረደ መድኃኒቱን አቁመን ወረፋ ለሚጠብቁት ሁለት ሰዎች እናዞረዋለን። እሷ ላይ እየባከነ ነው።»

ደሟ ፈላ። ሰውነቷ ውስጥ ያለውም፣ በቱቦ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ የሚዞረውም። ልብስ ሰፊ ሁሉ ጨርቅ ይሰርቃል ይባላል፤ እሷ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁርጥራጩን በፌስታል ቋጥራ ከልብሱ ጋር ስትመልስ የኖረች ሴት ናት። መዳፍ የማታክል እራፊ እንኳ አታስቀርም። አንዳንዱ ደንበኛ «ይሄን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲስቅባት «የራስህ ነው፤ የፈለግከውን አድርገው» ትለዋለች። ትዋሻለች ተብላ ስትታማ በዕድሜዋ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ክንዷ በሁለት መርፌ ተይዞ፣ ተነስታ የሰውዬውን ኮሌታ በማትይዝበት ሰዓት። ቢሆንም ሳትለካ የማትቆርጥ ሰው ናትና ዝም አለች።

ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ማሽን ላይ መዋሉን ለምዳዋለች። ያልለመደችው ከአምስት ወር በፊት የመጣባትን ነው። መጀመሪያ ግራ ባቷ ላይ እንደ ዳንቴል መረብ የተጠላለፈ ወይን ጠጅ መልክ ወጣ፣ ቀጥሎ መሀሉ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ተከፈተ። ሐኪሙ የነገራት ስም ረጅም ነው፤ ለምላሷ አልመች ስላላት «ኖራው» አለችው፣ ዛሬ ነርሶቹም ኖራው ነው የሚሉት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኩላሊት ሲደክም ካልሲየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ቆዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከውስጥ ይለስናቸዋል። ደም ያጣ ቆዳ ይሞታል፤ ሲሞት ግን ጸጥ ብሎ አይሞትም። አንሶላ ሲነካው ያስጮሃል፣ ካልሲ ሲነካው ያስጮሃል፣ አንዳንዴ ምንም ሳይነካውም ያስጮሃል። በኩላሊት እጥበቱ የመጨረሻ ሰዓት በጉሉኮስ የሚገባላት መድኃኒት አለ። አፏ ውስጥ የክብሪት ጣዕም ትቶ፣ ሆዷን ገልብጦባት ይሄዳል። እሱን ትችለዋለች፤ እግሬን የሚያተርፍልኝ ከሆነ ክብሪቱን ከነቀፎው እበላዋለሁ ብላለች። መጀመሪያ ላይ ቁስሉ መጥበብ ጀምሮም ነበር፤ በስፌት ሜትሯ ራሷ ለክታዋለች። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ቆመ። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ቁስሉ ይሰፋል፣ ቁስሉ ከሰፋ እግሯ ይሄዳል፣ እግሯ ከሄደ ደግሞ ጠረጴዛ ዳር ቆሞ ጨርቅ መቁረጥ የለም። ጨርቅ ካልቆረጠች ምን እንደምትሆን አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም።

ነርሷ መርፌዎቹን ልትነቅል ስትመጣ ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ብላ ጠበቀቻት።

«ሲስተር፣ ይሄ ካልሲየም የሚባለው ሰውዬ በምን በምን ተደብቆ ነው የሚገባው? አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ነርሷ መሰማታቸው ገባትና ዓይኗን ሰበረች። «ወተት፣ አይብ፣ እርጎ» አለች ጣቷን እያጠፈች። «የቃር ኪኒን አለ። ደግሞ ለአጥንት ተብሎ የሚሸጥ ኪኒን። ምናልባት ሳታውቂው ይሆናል የኔ እናት።»

«እኔ የማላውቀው ነገር በአፌ አይገባም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ይህን ስትል ከልቧ ነበር።

ፋሻዋ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይቀየራል፤ ዛሬም ቀኑ ነው። ልማዷ ከእጥበቱ በኋላ ቤቷ ሄዳ፣ ምሳዋን ቀማምሳ፣ የህመም ማስታገሻዋን ውጣ መመለስ ነው። ማስታገሻው ከባድ ነው ይባላል። ቁስል የምታጥበው ነርስ «ሌላው ሰው በዚህ ኪኒን ያንኮራፋል፤ አንቺ ግን ሰፈሩን ታምሺዋለሽ» እያለች ትገረማለች። ልብስ ሰፊዋም በራሷ ታፍራለች። ሁለት ልጅ ያለ መርፌ የወለደች ሴት ናት፤ ህመም ፈሪ መሆኗን ለማወቅ ሃምሳ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበረባት።

ታክሲው ውስጥ እግሯን በወንበሮቹ መሀል ዘርግታ ተቀመጠች። ሾፌሩ ስለ ነዳጅ መወደድ ያማርራል፤ ባለፈው ወር በዚህ ዋጋ ደርሶ መልስ ይኬድ ነበር ትላለች አንዷ ተሳፋሪ። ልብስ ሰፊዋ አልሰማቻቸውም። ከጠዋት እስከ ማታ በአፏ የሚገባውን ሁሉ እየጠራች ታሰናብታለች። ዳቦ፣ በመጠኑ። ሩዝ፣ በመጠኑ። ውኃ በሻይ ብርጭቆ እየተለካ። ቲማቲም ከረሳችው ዓመት አልፎታል። ወተት ካየች ሁለት ወር ሆኗት የለ? አይብም እንደዚያው። የቃር ኪኒን አትወስድም፤ ቃሯን በሩዝ ውኃ ታባብላለች። ሁሉም በተራ ወጥተው ሲያልቁ የቀሩት ኪኒኖቿ ብቻ ሆኑ። ኪኒኖቿ ደግሞ ያሉት በታላቅ እህቷ እጅ ነው፤ እህቷን መጠርጠር ቀኝ እጇን መጠርጠር ነው። ከታክሲው ወርዳ በአንድ እግሯ እየተደገፈች ደረጃውን እስክትጨርስ ድረስ ይህን ሐሳብ ሦስት ጊዜ አባረረችው፤ ሦስቴም ተመለሰ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛውን የመቁረጫ ጠረጴዛው ይዞታል፤ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አራት የተማሪ ሱሪ በሳሙና ቁራጭ ተሰምሮ መቀስ ይጠብቃል። በጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል በቀረችው መተላለፊያ ሁለቱ እህቶች ጎን ለጎን ማለፍ ስለማይችሉ አንዷ ለአንዷ መንገድ ትለቃለች፤ የምትለቀው ሁልጊዜ ታናሺቱ ናት። እትዬ፣ ታላቅ እህቷን የምትጠራት እንዲህ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህርት ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ጡረታ የወጣችው ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከርዕሰ መምህርነቱ አይደለም። ማቀዝቀዣው በር ላይ የሰዓት ድልድል ተለጥፏል፤ የመብል፣ የኪኒን፣ የዕረፍት፣ ሌላው ቀርቶ የሬዲዮ። ኪኒን ከማሸጊያው ወጥቶ በትንሽ ሳህን ይመጣል፤ ከየትኛው ዕቃ እንደወጣ መጠየቅ በዚህ ቤት ደንብ አይፈቀድም። እትዬ ውሸት አትወድም፣ ዕዳ አትወድም፣ ከሁሉም በላይ ደም አትወድም። ጠብታ ካየች ትወድቃለች። ስለዚህ ታናሽዋን ሆስፒታል ድረስ ስታደርስ እንኳ በሩ ላይ ነው የምትቀረው፤ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጣ ያወራችበት ቀን የለም፣ ቁስሉንም አይታው አታውቅም።

ምሳው የተቀቀለ ሩዝና ጎመን ነበር። እትዬ ስለ ጎረቤት ቧንቧ መፍሰስ አወራች፤ ታናሺቱ «እህ» አለች። እትዬ ዛሬ ፊትሽ ጥሩ አይደለም አለች፤ ታናሺቱ ጎመኑን በሹካ ገለበጠች። ሹካና ሳህኑ ብቻ ሲነጋገሩ ቆዩና ሰባት ሰዓት ሆነ። እትዬ ተነስታ ከውስጠኛው ክፍል ትንሿን ሳህን ይዛ መጣች፤ መሀሏ ላይ አንድ ነጭ ክብ ኪኒን ተቀምጧል። በሌላው እጇ ሁለት ጉንጭ ውኃ።

«በይ ሚጣ፣ ሰዓቱ ነው።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለእትዬ ግን አሁንም ሚጣ ናት። ሚጣ ኪኒኑን አነሳችው፣ አልዋጠችውም። በሌባ ጣትና በአውራ ጣቷ መሀል አገላበጠችው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ኪኒኑ ወፈር ያለ መስሏት «ተቀየረ እንዴ?» ብላ ነበር፤ እትዬ «አዎ፣ ተቀይሯል» አለቻት። የደንበኛ ወገብ በዓይኗ የምትለካ ሴት ያንን ሰምታ ፋብሪካው ተቀይሮ ይሆናል ብላ አለፈችው። አሁን በጥፍሯ ጠርዙን ፋቅ አደረገችው። ነጭ ዱቄት ጥፍሯ ሥር ቀረ። ምላሷ ላይ ነካ አደረገችው፤ ጠመኔ ጠመኔ ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ የህመም ማስታገሻው ነው?»

እትዬ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ብሎ ይገላገል ነበር፤ እሷ ግን ፊት ለፊት ለተጠየቀችው መዋሸት አትችልበትም።

«አይደለም» አለች።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ካልሲየም ነው። ለአጥንትሽ ብዬ።»

ልብስ ሰፊዋ ኪኒኑን ሳህኑ ላይ መለሰችው። እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አነባብራ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳች፣ ለወላጆች ስብሰባ እንደምትናገር። ወተትና አይብ ተከለከልኩ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ወተት የተከለከለ ሰው አጥንቱ ይሟሽሻል፤ ስለዚህ በኪኒን መተካት አለበት። ያ ማስታገሻ የሚባለው ደግሞ ወንድማችንን የበላ ነው። ትከሻውን ኦፕራሲዮን ተደርጎ «ለህመም» እያሉ የሰጡት መድኃኒት ሱስ ሆኖበት እንዴት አድርጎ እንደጨረሰው አብረን አይተናል፤ ቤት ውስጥ ያልሸጠው ዕቃ አልነበረም፤ በመጨረሻ ራሱ አለቀ። ሁለተኛ ሰው በዚህ መንገድ አልቀብርም። እና እውነተኛውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በየቀኑ በሰዓቱ አንዷን ስትውጪ ቀለል እያለሽ መስሎኝ ነበር።

«ቀለል?» አለች ሚጣ።

«ቤት ውስጥ ስትጮሂ አልሰማሁማ።»

እውነቷን ነው። ቤት ውስጥ አትጮህም። ትራሱን ትነክሳለች፤ ትራሱን የምትነክሰው ደግሞ እትዬ እንዳትሰማ ብላ ነው። ታናሺቱ በልቧ ሐኪሙ የሰጣትን ወረቀት ታየው ነበር። ወረቀቱ ላይ «ማንኛውም ካልሲየም ያለው ምግብና ኪኒን» የሚል ተጽፏል። እሷ ግን ያን ቀን በሩ ላይ ለምትጠብቃት እህቷ አሳጥራ «ወተትና አይብ በቃሽ ተብያለሁ» ብቻ ነበር ያለቻት። ጨርቁን ያሳጠረችው ራሷ ነች፤ እትዬ የሰፋችው በተሰጣት ልክ ነው። ይህን ማወቋ ንዴቷን አላጠፋውም፤ አቅጣጫ ሰጠው እንጂ።

«ስሚኝ እትዬ። እግሬን የሚያቆስለው ይሄው ካልሲየም ነው። ሐኪሙ ደሜን እያየ እኔ ተደብቄ የምውጥ መስሎታል፤ ውሸታም ብሎኛል። መድኃኒቱን ሊያቆምብኝ ነው።»

የእትዬ ፊት ሲለወጥ አይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ቀስ እያለ ከአንገቷ ጀምሮ አመድ መሰለ። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። «ስልክ ልደውልለት?» አለች።

«ስልክ አይሆንም። እኔ ብነግረው ሌላ ውሸት አመጣች ይላል። አንቺው ትነግሪዋለሽ። ፊት ለፊት።»

«እኔ? እዚያ ሁሉ ሰው መሀል ገብቼ፣ በስተርጅና…»

ሚጣ ከማንም ጋር ስትከራከር ኖራለች፣ ከእትዬ ጋር ግን አሸንፋ አታውቅም፤ ዛሬ መከራከር አላስፈለጋትም። ያመመውን እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ጠበቀች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ብዙ ቆጠረ። በመጨረሻ እትዬ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ስትመለስ ጃኬቷን ለብሳለች፤ በአንድ እጇ የካልሲየሙን ጠርሙስ፣ በሌላው የቆርቆሮ ጣሳ ይዛለች። ጣሳው ውስጥ የሁለት ወር ማስታገሻ ሳይነካ ተቀምጧል። አንዱን አውጥታ በታናሽዋ መዳፍ ላይ አኖረችው። ሚጣ በሁለት ጉንጭ ዋጠችው።

ታክሲው ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ነገሩ ጀመረ። ህመሙ ጭልጥ ብሎ አልጠፋም፤ ራቅ አለ። ጎረቤት ቤት ለወራት ሲጮህ የከረመ ሬዲዮ ድንገት ሲቀነስ ሰው ዝምታውን ሰምቶ እንደሚደነግጥ፣ እሷም ደነገጠች። መስኮቱን ዝቅ አደረገች። መንገድ ዳር ሁለት ሰዎች መስታወት ተሸክመው ይሄዳሉ፤ አንዲት ሴት ጫማ ትለካለች። ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ አልነበራትም ለካ። ልትናደድ አሰበች፤ ንዴቱም አብሮ ራቅ ብሎ ነበር።

ሐኪሙን ያገኙት የመኪና ቁልፉን ይዞ ሊወጣ ሲል ነው። ወጣት ነው፤ ዓይኑ ሥር ከእንቅልፍ የተጣላ ሰው ጥላ አለ። እትዬ ቆማ ተናገረች፤ ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። ካልሲየሙን በእጇ የሰጠችው እሷ እንደሆነች፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ማስታገሻውን ለምን እንደቆለፈችበት፤ አንዱንም አላስቀረችም። «ታናሽ እህቴ አታውቅም ነበር» ብላ ጨረሰች። «ደግሞም ሱስን መፍራቴ ትክክል ነኝ። እሱ ላይ ሐሳቤን አልቀየርኩም።»

ሐኪሙ የካልሲየሙን ጠርሙስ ተቀብሎ ጀርባውን አነበበ፤ ሁለቴ አነበበው። ግንባሩን ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ደቂቃ ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቀው ነበርና አላለፈችውም።

«ዶክተር፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ነው የዋሉት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። ነገር አላበዛም፤ ይህም ከበደላት። ለሌላ ሁለት ዙር ንግግር ተዘጋጅታ ነበር።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ካርዴ ላይ የጻፉትንስ?»

«የተጻፈ አይሰረዝም። ከሥሩ ይጻፋል።»

«እንግዲያው ይጻፉ፤ እያነበቡልኝ።»

እየጻፈ አነበበ፦ ታካሚዋ የታዘዘችውን ሁሉ ፈጽማለች፤ ስህተቱ ቤት ውስጥ በተደረገ የኪኒን መለወጥ የመጣ ነው፤ በጉሉኮስ የሚሰጠው መድኃኒት ይቀጥል። «ይቀጥል» የሚለውን ሁለቴ አስነበበችው። ከዚያ ሐኪሙ ወደ እትዬ ዞረ። ማስታገሻው በሰዓቱ፣ በመጠኑ፣ በእነሱ ክትትል እንደሚሰጥ፣ ቁስሉ ሲድን ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ ነገራት። እትዬ ከንፈሯን ገጥማ ሰማችው። «ወንድሜንም እንከታተለዋለን ብለውኝ ነበር» አለች።

ሐኪሙ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ፋሻው ዛሬ ይቀየራል አይደል? እርስዎም አብረው ይግቡ» አላት። እትዬ በሩን አየችው። ታናሽዋ «እዚህ ጠብቂኝ» የሚለውን የተለመደ ቃል አልተናገረችላትም።

ማጠቢያ ክፍሉ ጠባብ ነው። ቁስል የምታጥበው ነርስ እንደ ልማዷ ለልብስ ሰፊዋ የምትነክሰው ፎጣ ጠቅልላ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ ፎጣውን ጎኗ ላይ አኖረችው። ነርሷ ፋሻውን ማዞር ጀመረች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። የመጨረሻዋ ከቁስሉ ጋር የተጣበቀችው ናት፤ ሁልጊዜ ሰፈሩ የሚታመሰው እዚህ ላይ ነው። ነርሷ ውኃ አፈሰሰችባት፣ በቀስታ ሳበቻት። ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿን ያዘች። አመማት፤ ግን የሚቻል ህመም ነበር፣ ሰው የሚችለው ዓይነት።

ጩኸቱ የመጣው ከግድግዳው በኩል ነው። እትዬ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ድምፁ ከጣቶቿ መሀል እየወጣ ጮኸች። ኮሪደር ላይ የነበሩት ሰዎች በሩን ከፍተው አዩ። ነርሷ እንዳትወድቅ ብላ ወንበር ልትስብላት ተነሳች፤ እትዬ ግን አልወደቀችም። ዓይኗን ከዚያ የመዳፍ ስፋት ካለው፣ ጠርዙ ከጠቆረው፣ መሀሉ ቀልቶ ከተከፈተው ነገር ላይ መንቀል አቃታት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለች።

«መጀመሪያ ከዚህ ይሰፋ ነበር» አለች ነርሷ።

«በሳምንት ሁለቴ እንዲህ ሲላጥ… ያቺን ጠመኔ ብቻ ውጣ?» ወደ ታናሽዋ ዞረች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «እንዴት አድርገሽ ቻልሽው ሚጣ?»

ሚጣ ሁለት ወር ሙሉ በዚህ አልጋ ላይ ያፈሰሰችው እንባ ትዝ አላት፤ በራሷ ማፈሯም። የምትለው ብዙ ነበር።

«አጥንቴ ጠንክሮ ነዋ» አለች።

ነርሷ ፊቷን አዙራ ሳቋን አፈነች። እትዬ አልሳቀችም። ጃኬቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እጇን እንዴት እንደምትታጠብ ነርሷን ጠየቀች። ታጥባ መጣችና አልጋው ግርጌ ተንበረከከች። ነርሷ እስክትጨርስ ድረስ የእህቷን ተረከዝ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘች፤ እያለቀሰች፣ ዓይኗን ሳትጨፍን።